ነገሌ ስትሉ የትኛዋን?

ዕቃ በመኪና ስትልኩ ወይም ትኬት ስትቆርጡ የከተማዋን ስም ብቻ ተናግራችሁ አትተዉት። ነገሌ ለምሳሌ ሁለት አለች። አርሲ ነገሌ ላንጋኖን አለፍ ብሎ፣ ሻሸመኔ ሳይደረስ አስፋልቱ ዳር ናት። ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ነገሌ ቦረና ግን ሻሸመኔንም አዶላንም አልፎ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምሳው ቀርቶ እራትም አይታሰብ!

ኮምቦልቻም እንደዚያው። ብዙው ሰው የሚያውቀው የወሎዋን፣ ደሴ ሥር ያለችውን የፋብሪካ ከተማ ነው። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ሐረር አጠገብ ደግሞ ሌላ ኮምቦልቻ አለች። ሮቤም የባሌ አለች፣ የአርሲ አለች። የባሰችው ሮቢት ናት። ሸዋ ሮቢትም ሆነች ቆቦ አጠገብ ያለችው ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። መኪናው ትክክለኛው መስመር ላይ ሆኖም ዕቃው ቀድሞ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በማርከር ጎላ አድርጋችሁ «ኮምቦልቻ፣ ሐረር አጠገብ» ብላችሁ ጻፉ። ዞኑን መጨመር አይከፋም፤ ለረዳቱ ግን ከዞን ይልቅ የጎረቤት ከተማ ስም ቶሎ ይገባዋል። የተቀባዩን ስልክም አትርሱ። በስልካችሁ ካርታ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የመጣውን ከመንካታችሁ በፊት ኪሎ ሜትሩን እዩት።