በእንግሊዝ አገር የትራፊክ ክስ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ

እ.ኤ.አ. በ2023 ለበዓል የቀድሞ አከራዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እማማ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ከመሳቢያ ውስጥ በፌስታል የታሰሩ አምስት ፖስታዎች አውጥተው ሰጡኝ። «ማስታወቂያ መስሎኝ ነው ልጄ፣ ስትመጣ እሰጥሃለሁ ብዬ ነው» አሉ። የመጀመሪያውን ስከፍት 30 ማይል በተፈቀደበት መንገድ ላይ በ36 ማይል ስነዳ ካሜራ እንዳነሣኝ ይናገራል። የመጨረሻው ደግሞ በሌለሁበት እንደተፈረደብኝ የሚያረዳ ነበር፦ በመንጃ ፈቃዴ ላይ የሚመዘገብ ስድስት የጥፋት ነጥብ፣ 660 ፓውንድ መቀጮ፣ በላዩ 264 ፓውንድ የተጎጂዎች መዋጮ፣ ከዚያም የከሳሽ ወጪ።

የተፈረደብኝ በፍጥነት አልነበረም። መኪናውን ማን እንደነዳው ተጠይቄ ባለመመለሴ ነው። በጊዜው መልሼ ቢሆን ኖሮ በቅጣት ፈንታ የሚሰጠውን የጥቂት ሰዓት የፍጥነት ጥንቃቄ ትምህርት ወስጄ ያለ አንዳች ነጥብ በተገላገልኩ። ቤት ስቀይር የመንጃ ፈቃዴን አድራሻ አስቀይሬ ነበር፤ ሊብሬውን ግን፣ እዚህ ሎግ ቡክ የሚሉትን፣ አብሮ የተቀየረ መስሎኝ ተውኩት። አብሮ አይቀየርም። ሁለቱን ለየብቻ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አለማሳወቅ ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ፖሊስ የሚጽፈው ደግሞ በሊብሬው ላይ ባለው አድራሻ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በእንግሊዝና በዌልስ ያለውን አሠራር ነው። በስኮትላንድ የፍርድ ቤቱ ሥርዓት የተለየ ነው።

ደብዳቤው ከካሜራ የመጣ እንደሆነ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ልትከሰሱ እንደምትችሉ የሚያስጠነቅቅ ነው፤ ሁለተኛው ነጂው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ ቅጽ ነው። ማስጠንቀቂያው ጥፋቱ ተፈጸመ ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በሊብሬው ላይ ለተመዘገበው ሰው መድረስ አለበት። ካልደረሰ የፍጥነቱን ክስ መቃወም ይቻላል። ነገር ግን ተጠንቀቁ። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ በቃል ካስጠነቀቃችሁ ወይም አደጋ ደርሶ ከሆነ ይህ መከላከያ አይሠራም። መኪናው የኪራይ ከሆነም 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ለአከራዩ ድርጅት ነው፤ እናንተ ዘንድ በ30ኛው ቀን ቢደርስ ዘገየ አይባልም። «ዘግይቷል» ብሎ ቅጹን ጥሎ የስድስት ነጥብ ዕዳ የገባ ባልደረባ አለኝ። ማስጠንቀቂያው ቢዘገይም ነጂውን የማሳወቁ ግዴታ አይቀርም።

ለቅጹ 28 ቀን ተሰጥቷችኋል። ነጂው እኔ ነኝ ብሎ መፈረም ፍጥነቱን አምኛለሁ ማለት አይደለም፤ በኋላ መከራከር ይቻላል። ፎቶግራፉን መጠየቅም ትችላላችሁ፤ ቀኑ ግን ፎቶውን ስትጠብቁ አይቆምም። መኪናውን ከባለቤታችሁ ወይም ከወንድማችሁ ጋር የምትጋሩና በዕለቱ ማን እንደነዳ በእርግጥ የማታውቁ ከሆነ ቅጹን ባዶ አትመልሱ። ማን ማን ሊነዳ እንደሚችል፣ ለማወቅ ምን ምን እንዳደረጋችሁ በዝርዝር ጻፉ፤ የስልክ መዝገብ፣ የሥራ ሰዓት፣ የባንክ ወጪ። ሕጉ የሚጠይቀው ተገቢውን ጥረት ማድረጋችሁን ነው። በፖስታ ስትልኩ ፖስታ ቤቱ በነጻ የሚሰጠውን የመላኪያ ማረጋገጫ ተቀበሉና የቅጹን ፎቶ አስቀሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ነጥባችሁን ነጥብ ለሌለበት ዘመድ አታሸክሙ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እንደ መረዳዳት ሲቆጠር ሰምቻለሁ፤ ሕጉ ግን የፍትሕን ሂደት ማዛባት ይለዋል፣ የሚያስከትለውም እስር ነው። ሚኒስትር የነበሩት ክሪስ ሁን እ.ኤ.አ. በ2003 የተያዙበትን የፍጥነት ጥፋት የያኔዋ ባለቤታቸው ቪኪ ፕራይስ በራሳቸው ስም ወስደውላቸው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ስምንት ወር ተፈርዶባቸዋል።

ቅጹን ከመለሳችሁ በኋላ እንደ ፍጥነቱ ከሦስት አንዱ ይመጣል። ከገደቡ ጥቂት ያለፈ ሰው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካልወሰደ ትምህርቱ ይቀርብለታል፤ በ30 ማይል መንገድ ላይ በመመሪያው መሠረት እስከ 42 ማይል ድረስ ማለት ነው። ክፍያ አለው፣ ነጥብ ግን የለውም። ከቀረበላችሁ አትለፉት። ሁለተኛው 100 ፓውንድና ሦስት ነጥብ ነው። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ መቀጮው በሳምንታዊ ገቢያችሁ ይሰላል፣ ለፍጥነት ጣሪያው 1,000 ፓውንድ፣ በሞተርዌይ ላይ 2,500 ነው። ጥፋቱን በመጀመሪያው ዕድል ላመነ መቀጮው በሲሶ ይቀንሳል። የገቢ ቅጹን መሙላት አትርሱ። ካልሞላችሁ ገቢያችሁ በሳምንት 440 ፓውንድ እንደሆነ ይገመታል፤ የእኔ 660 የመጣው ከዚያ ነው፣ የ440 አንድ ጊዜ ተኩል። በዚያ ወቅት የማገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር።

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ጊዜ ችሎት እንኳ የለም። ክሱ በደብዳቤ ይመጣል፣ በ21 ቀን ውስጥ ትመልሳላችሁ፣ ማጅስትሬት የሚባል አንድ ዳኛ ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ ወረቀቱን አይቶ ይወስናል። ካልመለሳችሁም ይወስናል። በአካል ቀርቦ መናገር የሚፈልግ ሰው ያንን በቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት።

እንደ እኔ ሳያውቁ የተፈረደባቸው መንገድ አላቸው። ፍርዱን ባወቃችሁ በ21 ቀን ውስጥ ስለ ክሱ እንደማታውቁ በጠበቃ ፊት ወይም በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ትሰጣላችሁ፤ ፍርዱ ይፈርሳል፣ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እውነት መሆን አለበት፤ በሐሰት መማል ሌላ ወንጀል ነው። እኔ የድሮውን የኪራይ ውልና አዲሱን፣ ፖስታዎቹንም ከነፌስታሉ ይዤ ሄድኩ። በአዲሱ ቀጠሮ ሁለቱም ክስ ቀረበልኝ። ፍጥነቱን አመንኩ፣ ዐቃቤ ሕጉ ነጂ አላሳወቀም የሚለውን ክስ ተወው፣ በሦስት ነጥብ ወጣሁ። የትምህርቱ ዕድል ግን አልፎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ነድታችሁ እዚህ ፈተና ያለፋችሁ፣ በዚህ ሕግ ዓይን አዲስ ነጂ ናችሁ። ፈተናውን ካለፋችሁበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ነጥብ ከሞላባችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ይሰረዛል፣ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና እንደገና ትወስዳላችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ብቻውን ስድስት ነጥብና 200 ፓውንድ ነው። ያለ ኢንሹራንስ መንዳትም ስድስት ነጥብና 300 ፓውንድ ነው። አንድ ጥፋት ይበቃል ማለት ነው። ጠጥቶ መንዳት ደግሞ ነጥብ ሳይሆን ቢያንስ የ12 ወር እገዳ ነው።

ለሌላው ነጂ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ ሲሞላ ቢያንስ ስድስት ወር ይታገዳል። ማምለጫው ከተለመደው የከፋ ችግር እንደሚደርስ ማስረዳት ነው። አንድ ወዳጄን አጅቤ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። «ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ሥራዬን አጣለሁ» አለና ዝም አለ። መሐል የተቀመጡት ማጅስትሬት ጠብቀው ጠብቀው «ሌላ የሚጎዳ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልሳቸው እናት አሉት፤ ለእርሱ የዕለት ተግባር ስለሆነ ማስረጃ ይሆናል ብሎ አላሰበም። የሆስፒታሉ የቀጠሮ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። እገዳው ቀረለት። ሥራ ማጣት ብቻውን አይበቃም፤ በእናንተ መታገድ የሚጎዳ ሌላ ሰው ካለ በወረቀት አስደግፋችሁ አቅርቡ። ያንኑ ምክንያት በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ማቅረብ እንደማይቻል ግን እወቁ።

የማዘጋጃ ቤት የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፦ ነጥብ የለውም፣ በ14 ቀን ለሚከፍል አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

ለፍጥነት ክስ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም ብላችሁ ተነሡ። አስተርጓሚ ግን በነጻ ይመደባል፣ አስቀድማችሁ በቅጹ ላይ አማርኛ ብላችሁ ጻፉ። የታክሲ ፈቃድ ያላችሁ ፈቃዱን ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ቅጣቱን አሳውቁ፤ ኢንሹራንሱም ሲጠይቅ አትደብቁ። በመዝገባችሁ ላይ ያለውን ነጥብ በመንጃ ፈቃድ ቁጥራችሁ፣ በናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁና በፖስት ኮዳችሁ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። እኔ ስድስቱ ተፍቆ ሦስቱ ብቻ መግባቱን ያረጋገጥኩት በዚያ ነው።