ሳልጠግበው ለቀቀ፦ የተቀባ ፀጉር ቀለም ቶሎ የሚሄድበት ምክንያትና መፍትሄው

ፋሲካ ሲቃረብ ወይም የሠርግ ወቅት ሲገባ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ፀጉር ቤቶች ቀለም በሚቀቡ ሰዎች ይጨናነቃሉ። ሳምንታት አለፍ ሲሉ ደግሞ ቅሬታው ይመጣል፦ «የቀባችሁኝ ቀለም ለቀቀ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ።» አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙን የወሰደው ውሃ ነው፤ ከውሃ ቀጥሎ ፔስትራ (ፀጉር የሚተኮስበት ትኩስ ብረት)፣ ከዚያ ፀሐይ። ከታች ካሉት ምልክቶች የራስሽን ፈልጊ።

ከላይ እስከ ታች እኩል ደበዘዘ

መጀመሪያ የተቀባሽው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ እወቂ። ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ተበጥብጦ የሚቀባው ቋሚ ቀለም የፀጉሩን ቅርፊት አልፎ ይገባል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚተልቅ በገባበት መንገድ መውጣት ይቸግረዋል። ከዕቃው በቀጥታ ወጥቶ የሚቀባው ጊዜያዊ ቀለም ግን ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ መሄዱ ጠባዩ ነውና ማንንም አትውቀሺ። ከቀለሞቹ ሁሉ ቀይና ቦርዶ ቀድመው ይደበዝዛሉ። ቀይ ያማራት ቶሎ ቶሎ ማደስንም አብራ ታስብበት።

ቋሚ ቀለም ሆኖ ከለቀቀ፣ ነገሩ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። የፀጉር ቅርፊት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ የተቀመጠ ነው። ፀጉር ሲርስ ያብጣል፣ ቅርፊቱ ከፈት ይላል፣ ቀለሙም ከውሃው ጋር ይወርዳል። ሻምፑ ባትነኪም እንኳ ይወርዳል፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከተቀባሽ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ አታስነኪው። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሰውነትሽን በምትታጠቢበት ቀን የፕላስቲክ ቆብ አድርጊ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሻምፑው የራስ ቆዳሽ ላይ ብቻ ይታሽ፣ ጫፉን ሲወርድ የሚያገኘው አረፋ ያጸዳዋል። ኮንዲሽነር አይቅር።

ሻምፑ ስትገዢ ጠርሙሱን ገልብጠሽ አንብቢ፤ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት መጀመሪያ ከተጻፉት መካከል ካለ ለተቀባ ፀጉር ኃይለኛ ነው። ሆኖም እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ውድ ሻምፑ ገዝቶ በየሁለት ቀኑ ከመታጠብ በተራው ሻምፑ በሳምንት አንዴ መታጠብ ይሻላል።

ፀጉር ቤት የምትታጠቢ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የምታጥብሽ ልጅ ሥራዋን አክባሪ ናትና ሁለቴ ሦስቴ አረፋ ታወጣለች። «የኔ ቆንጆ፣ የተቀባ ስለሆነ አንዴ ብቻ፣ ለብ ባለ ውሃ» በያት። የራስሽን ሻምፑ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ መሄድም ነውር የለውም።

ቅቤን በተመለከተ ሁልጊዜ ጠብ አለ። እናቶች «ቅቤ ፀጉር ያለመልማል» ይላሉ፣ ቀለም ቀቢዎች «ቅቤ ቀለም ይበላል» ይላሉ። እንደኔ ጥፋቱ የቅቤው ሳይሆን የማስለቀቂያው ነው፤ ቅቤውን ከነሽታው ለማስወጣት ሲባል ፀጉሩ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይታሻል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ቅቤ መቀባት የግድ ካማረሽ ከቀለሙ በፊት ባለው ሳምንት ተቀቢና አጥርተሽ ታጠቢ፤ ቅቤው ሳይለቅ የቀረ ፀጉር ቀለሙን እኩል አይቀበልም። ከቀለም በኋላ ከሆነ ግን ትንሽ፣ ለዚያውም ጫፉ ላይ። ስትታጠቢ ውሃ ከማስነካትሽ በፊት ደረቁ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር በደንብ አሺበትና ቅቤውን ያላቀው፤ ከዚያ አንድ ዙር ሻምፑ ይበቃዋል።

ጥቁር ወይም ቡናማ ተቀብቼ ወደ ብርቱካን ሄደ

ፐርኦክሳይዱ ቀለሙን ሲያስገባ የራስሽን የተፈጥሮ ቀለም በመጠኑ ያነሳዋል፤ ከጠቆረ ፀጉር ሥር የሚቀረው ደግሞ ቀይና ብርቱካን ነው። የተቀባው ሲሳሳ ያ ይገለጣል። ለቡናማ ፀጉር ሰማያዊ፣ ወደ ቢጫ ለሄደ ብሎንድ ሐምራዊ ሻምፑ ብርቱካኑንና ቢጫውን ይሸፍናል፤ በሳምንት አንዴ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሳያልፍ። ጥቁር ለተቀባች ግን ሁለቱም ምንም አይፈይዱላትም፤ ፐርኦክሳይድ የሌለበት ጊዜያዊ ጥቁር ከላይ ማስደረብ ይበልጥ ያዋጣታል።

እዚህ ላይ ውሃችንም አለበት። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ፣ ሳሙናም አረፋ አልሰጥ ካለ፣ ያው ማዕድን ፀጉርሽም ላይ እየተለጠፈ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በፈረቃ ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ደግሞ የቧንቧ ዝገት ይኖርበታል፤ እስኪጠራ ልቀቂው፣ ወይም ሮቶ ውስጥ ረግቶ በቆየው ታጠቢ። ማዕድን የሚያነሳ ሻምፑ ካገኘሽ በወር አንዴ በቂ ነው። ካላገኘሽ በመጨረሻው ማለቅለቂያ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪ፤ ቅርፊቱን ይከድነዋል። ሎሚ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ፣ ፀጉሩን ያነጣዋል።

ሥሩ ደህና ነው፣ ጫፉ ብቻ ነጣ

ይህ የፔስትራ ፊርማ ነው። ጫፉ ከሁሉም በላይ ያረጀው ፀጉር ነው፤ ስንት ዙር ቀለም፣ ስንት ዙር ሙቀት አይቷል። ቅርፊቱ ስለተላጠ ቀለም ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይተፋል። ፔስትራው ቁጥር ካለው ከ180 ዲግሪ አታሳልፊው፤ እርጥብ ፀጉር ላይ አታስነኪው፤ ከሙቀት የሚከላከል ክሬም ወይም ስፕሬይ ቀድሞ ይቀባ። ፀጉር ቤት ስትሄጂ ደግሞ ከፎንና ከፔስትራ ይልቅ ቢጎዲን (ፀጉር መጠቅለያ) ተጠቅልለሽ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) ውስጥ ግቢ። ጊዜ ይፈጃል፣ ጆሮም ያደነቁራል፤ ሙቀቱ ግን ከፔስትራ ጋር አይወዳደርም። የተበላሸውን ጫፍ በቀለም ላይ ቀለም ማዳን አይቻልም፤ መቆረጥ አለበት።

የላዩና የግንባሩ ብቻ ደበዘዘ

ፀሐይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቅሽም እንጂ ከጥቅምት ወዲያ ባለው በጋ ከስታዲየም አራት ኪሎ በእግር ስትሄጂ ጨረሩ ቀለሙን እየሰበረው ነው። ሻሽ፣ ኮፍያ፣ ጃንጥላ። ስስ ነጠላ ለዚህ አይበቃም፣ አጥፈሽ ደርቢው።

ሽበቱ ቀለም አልይዝ አለ

ሽበት አንዳንዴ ወፍራምና ግትር ነው። ለመሸፈን በአብዛኛው 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ፣ ማለትም 20 ቮልዩም የሚባለው ያስፈልጋል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃም ሙሉውን። ወረፋ በበዛበት የበዓል ዋዜማ ቀለሙ ጊዜው ሳይደርስ ይታጠባል፤ ሰዓትሽን አንቺው ያዢ። ሽበት ከጆሮ ግንድሽ በላይ የሚበዛ ከሆነ ቅቡ ከዚያ ይጀመር። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መሄድ ለሁሉም ይበጃል።

ሥሩ ነጭ ሆኖ ብቅ ማለቱ ግን መልቀቅ አይደለም፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ይህን የሚያቆም ሻምፑ የለም። መለያያውን ቀይሪው፣ ሹሩባ ተሠሪ፣ ስትመለሺም ሥሩ ብቻ ይቀባ። ሁሉንም በየወሩ የምታስቀቢ ከሆነ ጫፉ እየጠቆረ እየደረቀ ይሄዳል።

ፍልውሃ ወይም መዋኛ ከገባሁ በኋላ ተለወጠ

የፍልውሃ ውሃ ሙቅም ነው፣ ማዕድንም አለው፤ የመዋኛው ደግሞ ክሎሪን። ሁለቱም ጋ ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውሃ አርሰሽ ኮንዲሽነር ቀቢና ቆብ አድርጊ፤ ቀድሞ የጠገበ ፀጉር ሌላውን ውሃ ብዙ አይቀበልም። ፍልውሃ ላይ ከአንገት በላይ ባትገቢ ይመረጣል።

ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የምትጠቀሚ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሪላክሰር፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ ቀለም ነው። ተገላቢጦሹ ቀለሙንም ፀጉሩንም ይዞ ይሄዳል። ደግሞም የተቀባሽበትን ቀለም ስምና ቁጥር፣ የፐርኦክሳይዱንም መጠን ካርቶኑን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዢ፤ ሌላ ፀጉር ቤት ብትሄጂም «ያው የበፊቱ ዓይነት» ከማለት ያድንሻል። ቀለሙን ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ኋላ ትንሽ አስነክተሽ ሞክሪው፤ ካሳከከሽ ወይም ካበጠ አትቀቢው።