ከእንሰት ቅጠል ረጅም ዲኤንኤ አልወጣ ሲል
የናኖፖር (ዲኤንኤን በጥቃቅን ቀዳዳዎች አሳልፎ የሚያነብ ማሽን) ንባባችሁ አጭር ከሆነ ወይም የፍሎው ሴሉ (ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል) ቀዳዳዎች ቶሎ ቶሎ ከሞቱ፣ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ቅጠሉንና አወጣጡን መርምሩ። አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ነው። እንሰት ደግሞ በተለመደው የሲታብ (ሴሉን አፍርሶ ዲኤንኤውን የሚያስወጣ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ዘዴ ብቻ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

የዲኤንኤው ዝቃጭ ቡናማ ሆነ? ቅጠሉ ሲፈጭ በውስጡ ያለው ፖሊፌኖል የተባለ ኬሚካል አየር አግኝቶ ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቋል። አንዴ ከተጣበቀ በኤታኖል እጥበት አይለቅም፣ ስለዚህ መከላከል ነው ያለው። ለጋ ቅጠል ቁረጡ፣ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዛችሁ ፍጩት፣ ዱቄቱ ባፈር (የማውጫው ፈሳሽ) ውስጥ ሳይገባ እንዳይቀልጥ ተጠንቀቁ። ባፈሩ ላይ ፖሊፌኖሉን የሚይዝ ፒቪፒ ይኑር፣ ፖሊፌኖሉን ከአየር ጉዳት የሚከላከለውን ቤታ ሜርካፕቶኤታኖል ደግሞ ልትጠቀሙ ስትሉ ጨምሩ (ጭስ መሳቢያው ስር ሆናችሁ!)። ናይትሮጅን የቸገራችሁ፣ ከብት በሰው ሰራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ጣቢያዎች ስለሚጠቀሙበት እነሱን ጠይቁ።

ዝቃጩ እንደ ተልባ ውሃ ከተዝለገለገና በናኖድሮፕ (በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ንጽህናን የሚያሳየው የ260/230 ውጤት ከ2 በጣም ከወረደ፣ ጥፋተኛው በአብዛኛው ፖሊሳካራይድ (እንደ ስታርች ያለ የስኳር ሰንሰለት) ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኪት እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል። እኔ የምመክረው የሶርቢቶል እጥበት ነው፦ ሲታብ ከመጨመራችሁ በፊት ዱቄቱን 0.35 ሞላር ሶርቢቶል ባለበት ቀዝቃዛ ባፈር በጥብጡት፣ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩት፣ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ድፉት፣ ፈሳሹ መዝለግለጉን እስኪተው ድረስም ድገሙት፤ ኒውክሊየሱ ከታች ስለሚቀር ዲኤንኤው ብዙም አይጎዳም። ችግኙን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ማቆየትም ስታርቹን ይቀንሳል።

ናኖድሮፕ ብዙ፣ ኪዩቢት (ዲኤንኤውን ብቻ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ትንሽ ካሳየ ብዙ ጊዜ አርኤንኤ ቀርቷል ማለት ነው። አርኤንኤዝ ኤ (አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ አቆዩት። ኪዩቢት ራሱ ከቱቦው ከላይና ከታች ስትቀዱ የተለያየ ቁጥር ከሰጠ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ረጅሙ ዲኤንኤ ገና አልሟሟም። በክፍል ሙቀት አሳድሩት። ቮርቴክስ (በማሽን በኃይል መነቅነቅ) እንዳታደርጉት!

ንጹህ ነው፣ ግን አጭር? ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ጄል ላይ ወደ ታች የተዘረጋ ጭስ መሳይ ነገር ካያችሁ ዲኤንኤው ተቆራርጧል። ወይ ቅጠሉ ቀልጦ ወይም ጠውልጎ ነበር፣ ወይ እጃችሁ ከብዷል። ሲታብ ከገባ በኋላ ሁሉም ነገር በዝግታ ይሁን፦ ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ፣ አፈ ሰፊ ቲፕ፣ ቀስ ብሎ መቅዳት። ተራ 1 በመቶ አጋሮዝ ጄል ከ20 ኪሎቤዝ (20 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል) በላይ ያለውን በደንብ ለይቶ ስለማያሳይ፣ አንድ ጥርት ያለ መስመር ስላያችሁ ብቻ ርዝመቱን አወቅን አትበሉ።

የመጨረሻው ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ዲኤንኤው ንጹህም ረጅምም ሆኖ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ዳታውም ያንሳል። በጣም ረጅም ክር ቀዳዳ ላይ ይጠላለፋል። ላይብረሪ (ለማሽኑ የሚዘጋጀው ዲኤንኤ) ከመሥራታችሁ በፊት ክሩ እንዲያጥር በቀጭን 26 ጌጅ መርፌ ጥቂት ጊዜ ሳቡና ግፉት፣ የተዘጋውን ፍሎው ሴልም በኒውክሊየዝ (ዲኤንኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ማጠቢያው አጥባችሁ ላይብረሪውን እንደገና ጫኑ። ጂኖም ለማገጣጠም በቂ ሽፋን ያለው (እያንዳንዱ ቦታ በቂ ጊዜ የተነበበበት) ከ20 እስከ 50 ኪሎቤዝ ንባብ፣ ጥቂት ብቻ ከሆኑ እጅግ ረጃጅም ንባቦች ይሻለኛል። መርፌ ያልነካውን ትርፍ ዲኤንኤ በ4 ዲግሪ አስቀምጡት፤ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ሲመላለስ ይቆራረጣልና ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት።