የስፖርት መኪና ፍሬን ሲያፏጭና ቸርኬው ሲጠቁር ምን ይደረጋል?

ፈጣን መኪና ፍሬኑም ኃይለኛ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ትልቅ፣ ሸራውን በፒስተን እየገፋ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ብዙ ፒስተን ያለው፣ ዲስኩን የሚይዘው ሸራ ጠንከር ያለ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበርን ነገር ለማቆም የተሠራ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ መኪና ማቆሚያ ስትገቡ ያፏጫል። ትናንት የታጠበው ቸርኬም ዛሬ ጥቁር አቧራ ለብሶ ታገኙታላችሁ። አንዱ ይህን ሲያይ ደንግጦ ሸራ ሊቀይር ይሮጣል። ሌላው "የስፖርት መኪና ጠባይ ነው" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ጠባይም ሊሆን ይችላል፣ ብልሽትም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለይ።

1. ድምፁን ለዩት

ሸራው ዲስኩን ሲይዝ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይንቀጠቀጣል። ይህ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሲሆን ዲስኩ እንደ ደወል ይጮኻል። ብረት የበዛበት ጠንካራ ሸራ ንዝረቱን ስለማይውጠው ይብስበታል፤ በተለይ ሲቀዘቅዝ።

ጠዋት ወይም ከእጥበት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ብቻ የሚሰማ ድምፅ የዲስኩ ስስ ዝገት ነው። ወዲያው ይጠፋል፣ እርሱት። ፍሬኑ ቀዝቅዞ ፔዳሉን በስሱ ስትነኩ ብቻ የሚያፏጭ፣ ሲሞቅ ግን ዝም የሚል ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ የሸራው ባሕርይ ነው።

ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። አንዳንድ መኪኖች በምላሷ ፈንታ ሴንሰር ስላላቸው የሚያስጠነቅቁት በዳሽቦርድ መብራት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን መኪናው ይቁም፤ ነገ አይባልም። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም ከፊት ሁለቱ ጎማዎች አንዱ ብቻ በጣም የሚሞቅና የሚጠቁር ከሆነ ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል።

2. ጎማውን አውልቃችሁ እዩ

ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የማይነሱትን ጎማዎች በድጋፍ ያዙ፣ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለ አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱት። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። የብረት መደገፊያ ሳታስገቡ ሥራ አትጀምሩ።

የሸራውን ውፍረት በውጭም በውስጥም በኩል እዩ። ብዙ ጊዜ ከዓይን የተሰወረው የውስጡ ነው ቀድሞ የሚያልቀው። የሚፋጨው ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ቀይሩ፤ ሁልጊዜም የግራና የቀኙን አንድ ላይ። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ራሱ ተቀርጿል። ቀዳዳ ባላቸው ዲስኮች ላይ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልጉ። ስንጥቁ ከቀዳዳ ቀዳዳ ከተያያዘ ወይም ጠርዝ ከደረሰ ዲስኩ አልቆለታል።

3. አጽዱ፣ በቦታው ብቻ ግራሶ ቀቡ

የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋም፤ በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ በድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አርጥባችሁ ጥረጉ። ስፕሬዩ ቀለም ስለሚጎዳ ከቦዲው አርቁት። ካሊፐሩን ካወረዳችሁ በሽቦ እሰሩት እንጂ በጎማ ቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት።

የሸራው ጆሮዎች (ጫፍና ጫፍ ያሉት የብረት ጉጦች) የሚቀመጡበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጽዱ። ሸራው በእጅ ሲገፋ በቀላሉ መንሸራተት አለበት። ተንሸራታች ካሊፐር ከሆነ ፒኖቹን አውጥታችሁ ጠርጉና ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ። ተራ የሞተር ግራሶ የፒኖቹን የጎማ መሸፈኛዎች ያሳብጣል። ብዙ የስፖርት መኪኖች ላይ ያለው ባለ ብዙ ፒስተን ቋሚ ካሊፐር ግን ተንሸራታች ፒን የለውም። እዚያ የሚታዩት ሸራውን የያዙት ዘንጎችና ስፕሪንጉ ናቸው፤ የደከመ ስፕሪንግ ራሱ ሸራውን ያንቀጫቅጨዋል።

ከሸራው ጀርባ ያለችው ስስ ንጣፍ ንዝረት ለማፈን ነው የተሠራችው። ከዛገች ወይም ከተላጠች ቀይሯት። ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በጀርባዋ ፒስተኑ በሚነካበትና በጆሮዎቹ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሚፋጨው ገጽ ላይ ከደረሰ ሸራው ይጣላል፤ ጠርጌ ልጠቀምበት አይባልም። ገጹ እንደ መስታወት ካበራ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሹት።

ስትገጥሙ ፒስተኑን ወደኋላ ስትገፉ የፍሬን ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ከፍ ይላል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይበላዋል። ቡሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ፣ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው መጠን አጥብቁ። መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያ ፍሬኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚያገኘው።

4. አዲሱን ሸራ አላምዱ

በእኔ ግምት ከአዲስ ሸራ በኋላ ለሚመጣ ጩኸት ትልቁ ምክንያት ይህን ደረጃ መዝለል ነው። ሸራው በደንብ የሚይዘው ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ እኩል ሲተው ነው። ሽፋኑ ያለ ቦታው ከተቆለለ ፍሬኑ ይጮኻል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው "ዲስኩ ተጣሟል" የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው።

የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ ባዶና ቀጥ ያለ፣ ፍጥነቱ የሚፈቀድበት መንገድ ፈልጉ። ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ገደማ ጠበቅ አድርጋችሁ አውርዱት፤ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከለክለው ሲስተም) እስኪሠራ ግን አይደለም። ሳትቆሙ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ድገሙት። ትንሽ ሽታ ይኖራል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ፍሬን ብዙም ሳትነኩ 10 ደቂቃ ያህል ንዱ፣ ይቀዝቅዝ። በጋለ ፍሬን ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ የሸራው ማኅተም ዲስኩ ላይ ይቀራል።

5. አሁንም ካፏጨ ሸራው ላይ ጥያቄ አንሱ

የውድድር ሸራ ለውድድር ሜዳ ሙቀት ነው የተቀመመው። በከተማ መንገድ ያንን ሙቀት አያገኝም፣ ስለዚህ ይጮኻል፣ ዲስክም ይበላል፣ ሲቀዘቅዝም በደንብ አይዝም። በየቀኑ ለምትነዱት መኪና እሱን መግጠም ለወሬ ካልሆነ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። የሴራሚክ ሸራ ጸጥ ያለ ነው፣ አቧራውም ያነሰና ነጣ ያለ ነው። በምላሹ የመጀመሪያ አያያዙ ለስለስ ይላል፣ ለውድድር ሜዳ ሙቀትም አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት ዓይነት ሸራ ይዞ እየቀያየረ ይገጥማል።

አቧራውን ከምንጩ የሚቀንስ ዲስክም አለ። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአዲሱ ካየን ጋር በተንግስተን ካርባይድ የተሸፈነ ዲስክ አስተዋውቋል። ግን ዋጋው የዚያኑ ያህል ነው።

6. ቸርኬውን ማጠብ

ጥቁሩ አቧራ በብዛት ከዲስኩና ከሸራው የተፋቀ ብረት ነው። የፊቱ ፍሬን አብዛኛውን ሥራ ስለሚሠራ የፊት ቸርኬ ቀድሞ ይጠቁራል። አቧራው ትኩስ ሆኖ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። ስለዚህ ሳይከርም በየሳምንቱ ማጠብ ነው ቀላሉ።

ቸርኬው ይቀዝቅዝ። በውሃ አርጥቡት፣ ለቀለም በማይጎዳ ሻምፑና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። ባልዲውና ጨርቁ ከቦዲው የተለየ ይሁን፤ የብረቱ ብናኝ ቀለም ይጭራል። በሻምፑ ያልለቀቀው ላይ ብረት የሚያሟሟ ማጽጃ ርጩበት። ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። አሲድ ያለበት ማጽጃ በተለይ ያልተቀባ አሉሚኒየም ላይ አይነካ። ከደረቀ በኋላ የቸርኬ ሰም ወይም የሴራሚክ ሽፋን ብትቀቡ ቀጣዩ እጥበት በውሃ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

እጥበቱ ሲያልቅ መኪናውን ወዲያው አታቁሙት። ትንሽ ነድታችሁ ፍሬኑን በስሱ እየያዛችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ሸራው ከዲስኩ ጋር ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል።