ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች እንዴት መተንተን ይቻላል?

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የሰፈር ልጆች ሒሳብ ሳስጠና፣ 24,530,808ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 የሚበልጡና ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች) ብዜት ስተነትን ስሕተት አስተምሬያለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደግመው መንገዱን ልጻፈው።

እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተርና ተራ ካልኩሌተር ይበቃሉ። መልሱን በአንድ ጊዜ የሚያወጡትን የስልክ አፕሊኬሽኖች አልወዳቸውም፤ ልጁ መልሱን ይዞ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

መጀመሪያ ጥቃቅኖቹን አካፋዮች ጨርሱ። ሦስት ጊዜ በ2 ሲካፈል 3,066,351 ይቀራል። የአሃዞቹ ድምር 24 ስለሆነ በ3ም ይካፈላል፤ 1,022,117 ላይ ያደርሰናል። ከዚህ ወዲያ 2፣ 3 እና 5 አይሠሩም።

7፣ 11 እና 13ን ለየብቻ አትሞክሩ። የሦስቱ ብዜት 1,001 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጣችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 117 − 22 + 1 = 96። 96 ለሦስቱም ስለማይካፈል ትልቁም አይካፈልም።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የድሬ ቀትር ስለማያሠራ ለማታ አቆይቼው፣ ከ17 ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየሞከርኩ 997 ደረስኩ። ከ1,000 በታች ያሉት 168ቱም አላካፈሉትም። «ብቸኛ ቁጥር ነው» ብዬ ለልጆቹ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ለምን 1,000 ላይ አቆሙ?» አለችኝ። ሺህ ስለሞላልኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የሚቆመው ስኩዌር ሩቱ ላይ ነው። 1,010 በራሱ ሲባዛ 1,020,100፣ 1,011 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 1,022,121 ይሆናል። ቁጥሩ ብቸኛ ካልሆነ የሁለት አካፋዮች ብዜት ነው፤ ሁለቱም ከ1,010 ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥራችን ያልፋል፤ ስለዚህ አንዱ የግድ እስከ 1,010 ድረስ መገኘት አለበት። ከ997 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 1,009 ነው። እሱን ብሞክር ኖሮ 1,013 ይወጣልኝ ነበር። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የቀረኝ።

አሁን ረጅሙን ማካፈል ከመጀመሬ በፊት ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበትን ዘዴ እሞክራለሁ። ከቁጥሩ በላይ ያለውን የቅርብ ካሬ (አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን) ውሰዱና ልዩነቱን እዩ፦ 1,022,121 − 1,022,117 = 4። 4 ራሱ የ2 ካሬ ስለሆነ አካፋዮቹ 1,011 − 2 እና 1,011 + 2 ናቸው። ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ በደቂቃ ያልቃል፤ ሲራራቁ ግን ከማካፈሉም ይረዝማል፣ ስለዚህ በቀጣዮቹ ካሬዎችም ጥቂት ሙከራ አድርጋችሁ ካልሆነ ተዉት።

1,009 እና 1,013 ብቸኛ መሆናቸውን እስከ 31 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ፈትኑ። ውጤቱ 2×2×2×3×1,009×1,013 ነው። የአካፋዮቹን ብዛት ለማወቅ የእያንዳንዱን ድግግሞሽ በ1 ጨምራችሁ አባዙ፦ 4×2×2×2 = 32። በመጨረሻ ሁሉንም መልሳችሁ አባዙና 24,530,808 መምጣቱን አረጋግጡ።