አንድ ጉዳይ አስይዟቸው፦ የካምፓስ ልጆችን ልታማክሩ ላሰባችሁ ጡረተኛ ሀላፊዎች

ሰሞኑን ሁለት የድሮ ባልደረቦቼ ደውለው "አንቺ እነዚህን የዩኒቨርሲቲ ልጆች እንዴት ነው የምትይዣቸው?" አሉኝ። ሁለቱም ዘንድሮ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ አንዱ ዞን ላይ አንዷ ወረዳ ላይ ሲሰሩ የኖሩ፣ እና ተማሪዎችን በአመራር አማክሩልን ተብለው ተጠርተዋል። በስልክ ስደጋግመው ካርዴ አለቀ፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው ሌላውም ይጠቀም። እኔ 34 አመት ውሃ ስራ ላይ ነበርኩ፣ ከወረዳ ጀምሬ ዞን ደርሼ ነው የወጣሁት፣ ኑሮዬ ደሴ ነው፣ ልጆች መያዝ ከጀመርኩ አራተኛ አመቴ ነው።

የመጀመሪያውን አመት አበላሽቼዋለሁ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ሰበሰቡልኝ፣ ማይክ ሰጡኝ፣ እኔም "በኛ ጊዜ" ብዬ ጀመርኩና ሁለት ሰአት ሙሉ አወራሁ፣ አጨበጨቡ፣ ሀይላንድ ውሃና ብስኩት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ አለቀ። ከሳምንት በኋላ ፒያሳ ላይ አንዱን ልጅ አግኝቼው ከነገርኳችሁ ምን ትዝ ይልሀል ስለው ትንሽ አሰበና "እትዬ እውነቱን ልንገርዎት፣ ብስኩቱ" አለኝ። ሳቅኩ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው አላሳቀኝም።

ከዛ ወዲህ ንግግር ትቻለሁ። ልጆቹ አንድ ትንሽ የህዝብ ጉዳይ ይይዛሉ፣ ከቀበሌ ጀምረው እስከሚያልቅበት ድረስ ይከተሉታል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሉት ወልድያ በሉት መቅደላ አምባ፣ የትም ብትሆኑ ይሰራል።

ሁለት ወይ ሶስት ልጅ በቂ ነው። ሀያ ልጅ ስጡን አትበሉ፣ ሀያ ልጅ ስብሰባ ነው። ስም ዝርዝር ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚላኩላችሁ የክበብ ሊቀመንበሩና የተማሪዎች ህብረቱ ልጅ ናቸው፣ መናገር የለመዱት ማለት ነው፣ እነሱን አትመልሱ ግን አንዷን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ዶርም ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ለፕሮክተር ሄዳ የምታመለክተዋ ማናት ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሌም አንዲት አለች። ደግሞ ተማሪ ከየአገሩ ተመድቦ ስለሚመጣ አንዱ የወሎ ልጅ አንዱ ከሩቅ የመጣ ቢሆን እመርጣለሁ። ከሩቅ የመጣው "ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?" ሲል እኛ ለምደነው ማየት ያቆምነውን ነገር ነው የሚያነሳው።

የመጀመሪያው ቀን ቢሮ አትጥሯቸው። እኔ ቅዳሜ 9 ሰአት ቤቴ ቡና ነው የማፈላው፣ ባለቤቴም ልጆቼም ባሉበት። (ሴት ተማሪ የምትይዙ ወንዶች፣ ብቻዋን አትቅጠሯት፣ ሁሌም ሁለት ሆነው ይምጡ፣ ቦታውም ሰው ያለበት ይሁን፣ ማታ ማታ ስልክም አያስፈልግም። ይሄ ለሷም ለናንተም ነው።) አቦሉ ላይ ከየት እንደመጡ ቤተሰብ ምን እንደሚሰራ ይጨዋወታሉ፣ ቶናው ላይ እኔ ህጉን እናገራለሁ፣ በረካው ላይ እነሱ የፈለጉትን ይጠይቃሉ። ህጉ አጭር ነው፦ ስራ አላስቀጥርም፣ ብር አልሰጥም አልቀበልም፣ የማንም ፓርቲ አባል ሁኑ አልልም፣ እናንተም የኔን ሲሚንቶ ልትሸከሙ አልመጣችሁም። የስራውን ነገር በግልጽ ካልነገራችኋቸው አምስት ወር ሙሉ ያንን ብቻ እየጠበቁ "እሺ እትዬ እሺ እትዬ" ይሏችኋል፣ አልፈርድባቸውም፣ ተመርቆ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ በየቤታችን እያየን ነው።

ጊዜውን አስቡበት። የኛ በጀት አመት ሀምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ነው የሚያልቀው፣ የቀጣዩ አመት እቅድ ደግሞ ከመጋቢት ሚያዝያ ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ እኔ የካቲት ላይ እጀምራለሁ። ሚያዝያ ላይ የገባ ጥያቄ እቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያው ጥያቄ ነሀሴ ላይ ቢገባ "በጀቱ ተደልድሏል" ነው መልሱ። ይሄን እኛ በእንቅልፍ ልባችን እናውቀዋለን፣ የሶስተኛ አመት ተማሪ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም፣ ፖለቲካል ሳይንስ የሚያጠናው እንኳን።

ጉዳይ አመራረጥ ላይ ልቆይ ምክንያቱም የሚበላሸው እዚህ ነው። ልጆቹ ሲመጡ የሚሉት "የወጣቶችን ስራ አጥነት መቅረፍ" ነው። ይሄን አልስቅበትም፣ ግን እሺ የማን ስራ አጥነት፣ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቢሮ ነው የሚመለከተው እያልኩ አጠባለሁ። ሶስት ነገር ካሟላ ይበቃኛል፦ በሶስት ወር ጫፍ ሊደርስ የሚችል፣ ባለቤት የሆነ ቢሮ ያለው፣ ከተማሪዎቹ ሌላ ሰውም የሚነካ። አምና የያዝኳቸው ሶስት ልጆች ከደሴ ወጣ ብሎ አንድ ቀበሌ (ስሙ ይቅር) ውስጥ የደረቀ ቦኖ አገኙ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው አጠገቡ አልፈው ሩቅ ይሄዳሉ። ልጆቹ ወዲያው ቧንቧው ተሰብሯል ብለው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው ለቧንቧ መግዣ ብር ሊያሰባስቡ ነበር። ቆዩ አልኳቸው፣ መጀመሪያ አስር ሰው ጠይቁ፣ ከአስሩ ስድስቱ ሴት ይሁኑ፣ አንዷ የቀድሞዋ ቦኖ ጠባቂ ትሁን። ጠይቀው ሲመጡ ለካ ቧንቧው ምንም አልሆነ። ጠባቂዋ ለወራት ሳይከፈላት ሲቀር ትታ ሄዳለች፣ ሂሳብ የሚሰበስብ ስለሌለ ቆጣሪው ውዝፍ ገባ፣ ውዝፍ ሲበዛ ተዘጋ። ብሩን ሰብስበው ቢሆን ኖሮ ደህና በሆነ ቧንቧ ላይ አዲስ ቧንቧ ሊገዙ ነበር።

ከዛ ደብዳቤ። ስቁብኝ ግን በአምስት ወር ውስጥ ከማስተምራቸው ሁሉ የሚጠቅማቸው ደብዳቤ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ጽፈው ያመጡት አራት ገጽ ነው፣ ውሃ ለሰው ልጅ ያለው ጥቅም ብሎ ይጀምራል፣ የውሃ ጽህፈት ቤት ሀላፊ የውሃን ጥቅም ከተማሪ እንዲማር! አንድ ገጽ ይሁን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው። ቀን፣ ለማን፣ "ጉዳዩ፦ የተዘጋ ቦኖ ስለማስከፈት"፣ ከዛ ያያችሁት፣ መቼ እንዳያችሁት፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት፣ ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ፣ ስም ፊርማ ስልክ፣ ግልባጭ ለቀበሌው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፣ አንዱን ስጡ፣ በእጃችሁ የቀረው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ ማህተም አስመቱ። ይሄ ኮፒ የሌለው ሰው "ደብዳቤ አልደረሰንም" ሲባል መልስ የለውም። የመዝገብ ቤት ሰራተኛዋን በስሟ ጥሯት፣ ሀላፊው ማን ላይ እንደመራው የምታውቀው እሷ ናት፣ ጸሀፊዋንም ጥበቃውንም እንደዛው። ሰኞ አትሂዱ፣ ሰኞ ሁሉም ስብሰባ ነው፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ተገኙ።

ህጉንም አስነብቧቸው። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 12 የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የጠየቀ ሰው ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት ይላል። ግን ይሄን የመጀመሪያ ቀን ቢሮ ገብተው እንዳይመዙት፣ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ በአዋጅ ጀምሮ የሚገባ ሰው ሲመጣ ፋይሉ ከሁሉ ስር ነው የሚገባው። ጥሩ ነው አላልኩም፣ የሆነውን ነው የምናገረው። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ አዋጁን መጥቀስ በቂ ነው።

እናንተ ደውላችሁ እንዳትጨርሱላቸው! ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። እኔ ለአንዱ የድሮ ልጄ ብደውል ቦኖው በሁለት ቀን ይከፈት ነበር፣ እጄን ስንቴ ስልክ ላይ አድርጌ መልሼዋለሁ። ብደውል ልጆቹ የሚማሩት ሰው ያለው ሰው ጉዳዩ ያልቅለታል የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሲወለዱም ያውቁታል።

ስብሰባም ውሰዷቸው፣ የሚገባበት ከሆነ አስፈቅዳችሁ። አፍ አይከፍቱም፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ሲወጡ የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው፦ ማን አልተናገረም? የተወሰነውን ማን መቼ ሊሰራው ነው? አንዴ ሶስት ሰአት የፈጀ ስብሰባ ተቀምጠን ወጥተን ቃለ ጉባኤያቸውን ሳይ የተግባሩ ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ ሁሉ "የሚመለከተው አካል" ነው የሚለው። ማነው እሱ አልኳቸው፣ ተያይተው ሳቁ።

ቅሬ ሳይገቡ ግን እንዳትለቋቸው። ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን፣ ከሌላ አገር የመጣው ልጅ መጀመሪያ አይገባውም፣ ቀብር ማስፈጸሚያ ብቻ ይመስለዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚወስን፣ ዳኛው ያልመጣውን እንዴት እንደሚቀጣ፣ ድሃውን መዋጮ እንዴት እንደሚያልፉት፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች እንዴት አጠገብ ለአጠገብ እንዲቀመጡ እንደሚደረግ ይዩ። ከቻላችሁ ሽማግሌዎቹ ጋ፣ አበጋሮችና ዘወልዶች ባሉበት አካባቢ እነሱ ጋ አስቀምጧቸው፣ ሰው ደም ተቃብቶ እንኳ እንዴት እንደሚያስታርቁ ይንገሯቸው። ያቺ የቦኖ ጉዳይ መጨረሻ ላይ የተፈታችው በደብዳቤው ብቻ አይደለም። ጽህፈት ቤቱ ውዝፉ በየወሩ እንዲከፈል ፈቀደ፣ አዲስ ጠባቂ የመረጠውና ሂሳቧን የሚቆጣጠረው ግን ቅሬው ነው። አስራ አንድ ሳምንት ፈጀ፣ ሶስት ደብዳቤ።

የራሳችሁን ስህተት ንገሯቸው፣ ሳታሳምሩ። እኔ የምነግራቸው ወጣት ባለሙያ ሆኜ ስላስተከልኩት የውሃ ነጥብ ነው። ህዝብ አወያይተናል ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ፣ የተወያዩት ግን አስራ ምናምን ወንዶች ናቸው። ቦታው መኪና መንገድ ዳር ሆነ፣ ለጉብኝት ይመቻል፣ መኪና በቀጥታ ይገባል። ሴቶቹ ሙሉ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገት መውጣት ሊኖርባቸው ነው። ከአመት በኋላ ስመለስ ሁሉም ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል፣ አንዲት እናት "ልጄ፣ አንቺም ሴት ነሽ፣ እንስራ አዝለሽ አታውቂም?" አሉኝ። አውቃለሁ፣ አዝያለሁ። ያ ነው ያሳፈረኝ። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ያፈሩልኛል ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን ከዛን ቀን በኋላ ነው የራሳቸውን ስህተት እየመጡ መንገር የጀመሩት።

ታሪክም አንድ ቀን ይበቃል፣ ወሎ ላይ ሆኖ ደግሞ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በ1965 ወሎ በረሀብ ሲያልቅ የመንግስት ሰዎች ጉዳዩን ሊሸፋፍኑ ሲሞክሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ድረስ መጥተው በአይናቸው አይተው ፎቶ አንስተው ተመልሰው አዲስ አበባ ካምፓስ ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። በታህሳስ 1967 ደግሞ የእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አወጣ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ እናቴን ስሟን መጻፍ ያስተማረቻት አንዲት ዘማች ናት። ዘመቻው ውስጥ የተበላሸም ብዙ ነገር ነበር፣ ለልጆቹ ሁለቱንም እነግራለሁ፣ እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ስሟን ትፈርም ነበር።

ሰኔ ላይ ትለያያላችሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቋችኋል፣ ጻፉላቸው፣ ግን ያያችሁትን ብቻ፦ "ታታሪና ቅን" አትበሉ፣ "ሶስት ጊዜ ተመላልሳ የደብዳቤውን መልስ አስገኝታለች" በሉ። ያልሰራውን ልጅ ደግሞ ይቅርታ አልጽፍም በሉት፣ ከባድ ነው፣ እኔ አንዴ ብዬው እናቱ ድረስ ደውለውልኛል። ደብዳቤዎቹ፣ ማህተም ያለባቸው ኮፒዎች፣ ቃለ ጉባኤዎቹ ሁሉ አንድ ክላሰር ውስጥ ገብተው ለሚቀጥሉት ልጆች ይተላለፋሉ፣ ልክ ሀላፊ ሲቀየር እንደምናደርገው በርክክብ፣ በፊርማ። ክላሰሩ አሁን ያለው ዘንድሮ የያዝኳቸው ሁለት ልጆች ጋ ነው። ስለ መንገድ መብራት የጻፉት ደብዳቤ ገብቶ 19 ቀኑ ነው፣ መልስ የለም፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ይሄዳሉ።