ምጥ ሳይመጣ በፊት፦ በሆስፒታል ለመውለድ የሚደረግ ዝግጅት

የወሊድ ዝግጅት መነሻው ቀን መቁጠር ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ በእኛ አቆጣጠር በዚያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ግን አምስቱ ቀናት ስለሚገቡበት የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል። የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥቅምት 10 የጀመረ ሴት መውለጃዋ ሐምሌ 20 ገደማ ነው። ምጡ ከዚህ ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል ዝግጅቱ ሁሉ ከአንድ ወር በፊት ማለቅ አለበት።

ሐምሌን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጎጃም ገጠር በክረምት እጅግ የሚያሠጋው መንገዱ ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት እነ ሙጋና ጨሞጋ የሚባሉ ወንዞች ሲሞሉ፣ ጭቃው መኪና ሲይዝ፣ አምቡላንስ ቢጠራም የሚደርሰው መኪና እስከሚገባበት ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ከዋናው መንገድ የራቀ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ እናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ በጤና ተቋሙ አጠገብ ወደሚቆዩበት ቤት መግባትን ነው። ብዙ ቤተሰብ «ቤቱን ማን ይይዘዋል?» እያለ ይህን ያዘገያል፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና ከአማት፣ ከእኅት ወይም ከጎረቤት ጋር ከወዲሁ ተነጋግሮ ልጆቹንም ከብቱንም የሚጠብቅ ሰው ማዘጋጀት ይገባል። በቤቷ ለምትጠብቅ ደግሞ የአምቡላንሱን ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መቀበል፣ ቃሬዛውንና ተሸካሚዎቹን ማወቅ፣ ሌሊት ቢሆንስ ብሎ ባትሪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባል በሌለበት ሰዓት «እንሂድ» ብሎ የሚወስነውም ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም የደም ግፊት ያለባት እናት፣ እንደ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ባሉ ኦፕራሲዮን የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች እንድትወልድ በክትትሏ ጊዜ ከባለሙያው ጋር ትነጋገር። ደም ቢያስፈልግ የሚለግሱ ሁለት ጤነኛ ዘመዶችም ይዘጋጁ።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ የክትትል ካርድ፣ ጋቢ፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የሕፃን ልብስና ኮፍያ፣ የገንፎ ዱቄት። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት ነፃ ቢሆንም ለአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ገንዘብ መያዝ ይበጃል።

ደም ከፈሰሳት፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዐይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ምጥ ባይኖርም ለነገ ሳትሉ ሂዱ።

ሕፃኑ እንደተወለደ ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ። ወፍራሙና ቢጫው እንገር በሽታን የሚከላከልለት ስለሆነ ታልቦ አይደፋ። አያት በፍቅር ተነሣሥተው ቅቤ ላቅምሰው ቢሉ፣ ለሕፃኑ ቅቤ እንደማይሰጠው አስቀድማችሁ በአክብሮት ብታስረዷቸው በዚያ የደስታ ሰዓት ክርክር አይነሣም። ገላውን ማጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ እናቲቱም ደም መፍሰስ በብዛት የሚከሠተው በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ያን ያህል ሰዓት ከተቋሙ አትውጣ። ከመውጣታችሁ በፊት ሕፃኑ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) እና የፖሊዮ ክትባት መውሰዱን ጠይቁ፤ የተሰጣችሁንም የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛችሁ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ አስመዝግቡት።